የመምህሩ የሕይወት ታሪክ ለቀብር ቀን ባይቆይስ?

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች ይደረደራሉ። ቀጥሎ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይመጣል። የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ይከተላል። መዝጊያው «ቅን፣ ታታሪና ሰው ወዳድ ነበሩ» ነው። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ከኋላ የቆመው ሰው ስለ መኪና ማቆሚያ ያወራል፤ ወረቀቱ ይታጠፋል፤ አለቀ።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚጻፍም አውቃለሁ። በእኛ ቤተሰብ ሰው በሞተ ቁጥር «አንተ እኮ ትጽፋለህ» ተብሎ ላፕቶፕ የሚሰጠኝ እኔ ነኝ። ሌሊት ነው። ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። አንዷ አክስት «መጀመሪያ ጎሬ ነበር» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ጅማ ነው፣ የተጋቡት ጅማ አይደል እንዴ» ትላለች። ዓመተ ምሕረቱን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። የሚያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ተገንዟል።

የማንም ሰው ታሪክ እንዲህ በጥድፊያ መጻፉ ያሳዝናል። የመምህር ሲሆን ግን ከማሳዘንም አልፎ ኪሳራ ነው፤ የሳይንስ መምህር ሲሆን ደግሞ የባሰ። ነጋዴ ሱቁን ጥሎ ያልፋል፣ ግንበኛ ቤቱን። መምህሩ የሠራው ነገር አርባ ደቂቃ ኖሮ ደወል ሲደወል ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ይጠረጋል። በዚህ አገር ሳይንስን ያለ ዕቃ፣ ያለ መብራት፣ አንዳንዴም ያለ መጽሐፍ እንዴት እንዳስተማሩ የሚያውቁት ራሳቸው ብቻ ናቸው። የግል ማኅደራቸው ቢከፈት የሚገኘው የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ነው። ቀብር ላይ የምናነበውም እሱኑ ነው፤ ማኅደሩን በጨዋ አማርኛ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የጡረተኛ መምህር ታሪክ ሰውየው በሕይወት እያሉ ይጻፍ። ጠያቂዎቹም የልጅ ልጆቻቸውና የድሮ ተማሪዎቻቸው ይሁኑ።

አንድ ሰው ላንሳ። የባለቤቴ አባት ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጆቼ አባባ ይሏቸዋል፣ ያውም «አንተ» እያሉ፤ እኔ እስካሁን አልደፈርኩም። መንገድ ላይ የሚያገኟቸው የድሮ ተማሪዎቻቸው ደግሞ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰውዬ ባርኔጣውን አንስቶ «ቲቸር» ሲል ማየት ደስ ይላል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። 83 ዓመታቸው ነው፤ ጆሮአቸው ትንሽ ከብዷል፣ ዓይናቸው ግን ከእኔ ይሻላል።

በ1935 ሐይቅ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙት ከየኔታ ዘንድ ነው። ከዚያ ደሴ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ገቡ። ሳይንስን ያስወደዷቸው እዚያ ያገኟቸው ሁለት መምህራን ናቸው። አንዱ ከህንድ፣ ከኬረላ የመጡ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩ ህንዶች ሞልተው ነበር፤ አባቶቻችን እንግሊዝኛ ሲናገሩ እስካሁን የህንድ ቃና የሚሰማው ለዚህ ነው። ሌላው አሜሪካዊ ወጣት ነበር። በ1955 መስከረም ወደ 280 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከእነሱ አንዱ ደሴ ደርሶት ፊዚክስ ያዘ።

ህንዳዊው ያስጠኗቸው በቃል ነው። ደብተር የማይዝ ተማሪ ወዮለት። አሜሪካዊው ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ «አላውቅም፣ እስቲ እንየው» ይል ነበር። ጋሼ ሲያወሩት አሁንም ይገረማሉ። «አስተማሪ አላውቅም ሲል ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ክፍሉ ደነገጠ። ይኼ ሰውዬ ሳይማር ነው እንዴ የመጣው አልን።» በኋላ እሳቸው መምህር ሲሆኑ ከሁለቱም ወሰዱ፤ የህንዳዊውን ደብተርና የአሜሪካዊውን «እስቲ እንየው»።

ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1957 ነው፤ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ በወጣበት ዓመት። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ በፊት አንድ ዓመት አገር ቤት ወርዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው የሚላከው ወደ ማስተማር ነው። ጋሼ በ1960 ጎሬ ደረሳቸው። ዝናቡን ዛሬም ያነሱታል። ከዝናቡ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ግን ማይክሮስኮፗ ናት። ትምህርት ቤቱ አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችው፤ ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባታል። እንዳትሰበር። ተማሪ ሳያያት ዓመቱ አለቀ።

ይህ በሽታ ዛሬም አልለቀቀንም። በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው አለ፣ ዕቃውም አለ፣ ካርቶኑ ግን አልተከፈተም። ለምን ቢባል ዕቃው ንብረት ነው። መምህሩ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ላይ ፈርሞ ነው የሚያወጣው። ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጣል። ማን እብድ ነው ለሰባ ተማሪ ብሎ የወር አስቤዛውን በመስታወት ብልቃጥ ላይ የሚያስይዘው? ካርቶኑ ተቆልፎ ይቅር፤ ኢንስፔክሽን ሲመጣ «የተሟላ ቤተ ሙከራ» ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ደሴ ላይ የሆነውን ላውራችሁ። በየትኛውም የሕይወት ታሪክ ውስጥ የማይገባው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

1975 ነው። የዕለቱ ርዕስ የውሃ መፍያ ነጥብ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ጋሼ ከቤት የሻይ ማንቆርቆሪያና ምድጃ አምጥተው ከሰል አቀጣጠሉ። ቴርሞሜትር ነከሩ። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ጠበቁ። ንቅንቅ አልል አለ።

«ማነው የተሳሳተው?» አሉ ጋሼ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቴርሞሜትሩ!» አለ። መጽሐፍማ እንዴት ይሳሳታል። አንዱ «ከሰሉ አንሶት ነው» አለ። ከሰል ተጨመረ። ውሃው ባሰበት እንጂ ቁጥሩ ያው ነው። ከኋላ ወንበር ሌላው «የሩሲያ ዕቃ ስለሆነ ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህን ጮክ ብሎ መናገር ቀላል ድፍረት አልነበረም፤ ጋሼ እንዳልሰሙ ሆኑ።

መልሱን አልነገሯቸውም። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ተማሪ ነበር። አርብ ቀን ቴርሞሜትሩን በፎጣ ጠቅልለው ሰጡት። ሰኞ «94» ብሎ መጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱን የወረደ ግን ያውቀዋል። ይኼኔ አንድ የሾፌር ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው። ያኔ አሰብ ወደባችን ነበር፤ መንገዱ ሌት ተቀን በከባድ መኪና ይታመስ ነበር። ቴርሞሜትሩ ተሳፈረ።

ቀኑ ሄደ። መኪናው አልተመለሰም። ጋሼ የፈረሙበት ንብረት አፋር በረሃ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ደመወዝህን ለአሰብ ሰጠኸው» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በመጨረሻ ልጁ የተቀደደ የሲጋራ ፓኬት ይዞ ክፍል ገባ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «100» ተጽፏል። ከሥሩ ሾፌሩ የራሱን ጨምሮበታል፦ «ግን ሙቀቱ አይቻልም።»

ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ቀላል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን መጠን ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ቶሎ ፈላ ማለት ግን በደንብ ሞቀ ማለት አይደለም። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ እናት የምትማረረው ለዚህ ነው። መጽሐፉም አልተሳሳተም፣ ቴርሞሜትሩም አልተሳሳተም፤ መጽሐፉ የያዘው የባሕር ጠረፍን ቁጥር ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይህን ያወቀው ለክቶ ነው። ወደዚያ ክፍል የገቡት መጽሐፍ አይሳሳትም ብለው ነበር፤ የወጡት «የት ሆኖ ነው የተለካው?» ብለው መጠየቅ ለምደው ነው።

የዚያን ቀን ሌሰን ፕላናቸው ቢገኝ ምን ይል ይሆን? ጠይቄያቸዋለሁ። ሳቁ። «ዘዴ፦ ገለጻና ጥያቄ» ነው የሚለው አሉኝ። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው እሱን ነዋ። ከሰሉን፣ ፎጣውንና ሾፌሩን የሚጽፍበት ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ በመሆኔ ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። የእሳቸው ዘመን ሰዎች ታሪክ 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይዘላል። «እስከ 1969 አዲስ አበባ፣ ከ1973 ጀምሮ ደሴ» ይባላል፤ መሃሉ የለም። አንባቢውም አይጠይቅ፣ ሰሚውም አይጠይቅ። ጋሼም እንዲህ ያለ መሃል አላቸው። ጅማ ሲያስተምሩ አብዮቱ መጣ። በ1967 ከተማሪዎቻቸው ጋር ዕድገት በህብረት ዘመቱ፤ ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር ገጠር የወረደበት ዘመቻ ነው። ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ስለ ወባ ማስተማር ደስ ብሏቸው ሠሩት። ከዚያ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ከዚያ ቀይ ሽብር። ሁለት ዓመት ታሰሩ። ለምን እንደታሰሩ ማንም አልነገራቸውም፤ ለምን እንደተፈቱም እንዲሁ።

ይህ ነገር ቤት ውስጥ ለዓመታት አይነሳም ነበር። ባለቤቴ እንኳ የሰማችው ካደገች በኋላ ከአክስቷ ነው። ያስነሳችው ትልቋ ልጄ ናት፤ ያውም ሳታስበው። የትምህርት ቤት መጽሐፏ ጠፍቶባት «አባባ፣ አንተ ያለ መጽሐፍ አስተምረህ ታውቃለህ?» አለቻቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አዎ፣ እስር ቤት» አሏት።

እኔ ከጓዳ ቆሜ ሰማሁ። በአንድ ክፍል ታጭቀው የባንክ ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ የ11ኛ ክፍል ልጁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ልብንና የደም ሥሮችን በከሰል ወለሉ ላይ ስለው አስተማሩ። የጠባቂ ኮቴ ሲሰማ በእግራቸው ያጠፉታል። እሳቸው ባዮሎጂ፣ የባንክ ሠራተኛው ሒሳብ፣ ገበሬው ደግሞ ስለ ዘርና ስለ አፈር። «ከእኔ ትምህርት የእሱ ይሻል ነበር» አሉ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ማታ ተጠርቶ ያልተመለሰ ልጅ አለ። ስሙን ነገሯት። ለእኛ ነግረውን አያውቁም።

ልጅ ስትጠይቅ እንዲህ ነው። እኛ ትልልቆቹ የምንጠይቀው «መቼ ታሰሩ? ማን አሰራቸው?» ብለን ነው፤ ሰውየው ደግሞ ይዘጋል። ለዚህ ነው የልጅ ልጆች ይጠይቁ የምለው።

ጡረታ የወጡት በ1995፣ ስልሳ ሲሞላቸው ነው። ስለዚህኛው ብዙ አልልም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ አማካይ የሚሰላ ጡረታ በ1995 ዋጋ የተሠራ ነው። በየጊዜው ጭማሪ ቢደረግበትም፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ገበያ ወጥቶ የተመለሰ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ የዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። መምህሩ ከመግቢያና ከመዝጊያ ደቂቃዎች በቀር ቆሞ ተመልካች ሆነ። ጋሼ ይህን ጉድ ከውጭ ሆነው ነው ያዩት። «እኔ እኮ ቴርሞሜትሩን ስሰድ መልሱን ላለመናገር ነው። ይኼ ሳጥን ሳይጠየቅ መልሱን ይናገራል» ይላሉ። ትንሽ ያካብዳሉ። በርቀት ላለ፣ የሳይንስ መምህር ለሌለው ትምህርት ቤት ሳጥኑም ቢሆን ከምንም ይሻል ነበር።

አሁን ሥራቸው አያትነት ነው። ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስላችሁ፤ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ጠዋት ትንሹን ትምህርት ቤት በር ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ከሰዓት ሰርቪሱን ይጠብቃሉ። የቤት ሥራ ያያሉ። ብዙ ቤት ጡረተኛ አያት ነፃ ሞግዚት ነው፤ እኛም ቤት ያው ነው፣ እንዳንዋሽ። ግን ምሳ ዕቃ ሲያቀብሉ እንኳ ማስተማራቸውን አያቆሙም።

በቀደም ትልቋ ልጄ ነጠላዋ ላይ አልጫ ደፋች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ሳታይ ልታጥበው ሮጠች። ሳሙና ስትቀባው ቢጫው ነጥብ ደም መሰለ። ጮኸች። ጋሼ ከሳሎን ብድግ ብለው ሄዱና ነጠላውን ሳይሆን ሎሚ ጠየቁ። ቀዩ ላይ ጠብ አደረጉበት፤ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ደግመው ሳሙና፣ ቀይ። ሎሚ፣ ቢጫ። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ነው። እርድ አሲድና ቤዝን ይለያል፤ ሳሙና ቤዝ ስለሆነ ያቀላዋል፣ ሎሚ አሲድ ስለሆነ ይመልሰዋል። ልጅቷ ጠቅላላ ሳይንስ ላይ እንደ እርድ አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ ሊትመስ ወረቀት የሚባል ነገር ተምራለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። ያን ዕለት ሽንት ቤቱን ማጽጃ፣ ኮምጣጤውን፣ የአመድ ውሃውን፣ ቤት ውስጥ የተገኘውን ሁሉ በእርድ ስትፈትሽ አመሸች። ነጠላውማ አለቀለት። እናቷ የተቆጣችው እኔን ነው።

በነገራችን ላይ በልብስ አጠባ የተጀመረ ትልቅ ምርምር አገራችን ውስጥ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ናትና ምርምሩ ከዚያ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። ጋሼ ይህን ታሪክ ያላስተማሩት ተማሪ የለም። የሚያጎሉት ግኝቱን አይደለም፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ማየቱን ነው።

አሜሪካ ሜሪላንድ ደግሞ ሌላ የልጅ ልጅ አላቸው፤ የባለቤቴ እህት ልጅ። እንደ ብዙ አያቶች ሊያሳድጉ አንዴ ሄደው ነበር። ክረምቱ መጣና ቤት ዘጋባቸው፤ በእግር የሚሄዱበት ቦታ የለም። ተመለሱ። አሁን የሚገናኙት በቪዲዮ ነው። እንደምታውቁት የአያትና የልጅ ልጅ ቪዲዮ «ደህና ነህ? በላህ? እናትህስ?» ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ ልጁ ስልኩን ለእናቱ ወርውሮ ይሄዳል። የልጁ አማርኛም ብዙ አያስኬድም። ጋሼ ለዚህም ዘዴ አበጁ።

በ2017 ሆሳዕና እሁድ ሚያዝያ 5 ላይ ዋለ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። ጋሼ ልጁን አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ግቢው ውስጥ ቀጥ አድርጎ እንዲተክል አዘዙት። እሳቸውም እዚህ ተከሉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ የእኛ ዱላ ጥላ የለውም፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ማታ ሁለት ሰዓት አልፎ ሜሪላንድ ቀትር ሆነ። ልጁ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ጥላው 58 ሳንቲሜትር መጣ። ጋሼ በወረቀት አሰሉት። 30 ዲግሪ። በእኛና በእነሱ ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ በሚለካው ርቀት፣ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው፤ አዲስ አበባ 9፣ እነሱ 39። መሬት ጠፍጣፋ ብትሆን ኖሮ እዚህ ጥላ ጠፍቶ እዚያ ግማሽ ሜትር እንዴት ይሆናል? ልጁ ይህን የጠፍጣፋ መሬት ክርክር ዩቲዩብ ላይ ከሚጨቃጨቁት ሰዎች ቀድሞ ዘጋው። አሁን ስልኩን ለእናቱ አይወረውርም። የሚደውለው እሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ የሚመጣ ወሬ አለ። «ድሮ ቀረ! ድሮ ትምህርት ነበረ!» ይባላል። ቁጥሩም ለዚህ ወሬ የተመቸ ነው። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ያስደነግጣል። ጋሼ ግን ድሮን በማወደስ አይስማሙም። ከእሳቸው ጋር ከየኔታ ዘንድ ፊደል ከቆጠሩት አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ደጅ ሳያዩ ነው የቀሩት። ሴቶቹማ አይቆጠሩ። «በእኛ ጊዜ ወንፊቱ በሩ ላይ ነበር፤ የወደቀውን ማንም አላየውም። አሁን ወንፊቱ መውጫው ላይ ሆነ፤ ሁሉም አየው» ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ያ የሳቸው ትምህርት ጥሩ ነበር፤ ለጥቂት ሰው።

የምቃወማቸው በሌላ ነገር ነው። «የኔ ታሪክ ምን ይጠቅማል፣ ሥራዬን ነው የሠራሁ» ይላሉ። የዛሬው የገጠር ፊዚክስ መምህር ዲግሪ አለው። የሌለው በማንቆርቆሪያና በከሰል የአየር ግፊትን ማስተማር እንደሚቻል ያሳየው ሰው ነው። ያሳዩ የነበሩት ሰዎች በየቤቱ ሰርቪስ እየጠበቁ ነው። ስልጠና፣ ዎርክሾፕ፣ አበል እያልን በጀት እንጨርሳለን፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ጠርቶ ለአንድ ከሰዓት ወጣት መምህራን ፊት ማስቀመጥ ግን የትራንስፖርት ብር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህን ለማድረግ ፖሊሲ መጠበቅም አያስፈልግም። አንድ ዳይሬክተር ስልክ ቢደውል ይበቃል።

የድሮ ተማሪዎች ማኅበራትንም አንድ ነገር ልላቸው ነው። ቴሌግራም ላይ የባች ግሩፕ የሌለው ሰው ዛሬ የለም። በጣም ጥሩ ነገር እየተሠራ ነው። ለታመመ መምህር ሕክምና ይዋጣል፣ ቤት ይታደሳል፣ ካባ ይደረባል፣ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ይሰጣል። ፎቶ ይነሳል። ንግግር የሚያደርገው ግን ሁልጊዜ ተማሪው ነው፤ መምህሩ ካባውን ለብሰው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። እስቲ ይገልበጥ። ስልኩ ይቅረጽ፣ እሳቸው ያውሩ። «የት ተወለዱ» ተብሎ አይጀመር፤ እሱን ማኅደሩም ያውቀዋል። «ያኔ ዕቃው ሲጠፋ ምን አደረጉ?» ተብሎ ይጀመር። «ምን ያስተማሩትን ዛሬ ስሕተት መሆኑን ያውቃሉ?» ቢባሉም ጥሩ ነው፤ ጋሼ ለዚህኛው ፕሉቶን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ዘጠኝ ፕላኔት ብለው ስንቱን አስተምረው ነው እ.ኤ.አ. በ2006 ስምንት የሆኑት።

የደሴው የ1975 ባች ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። ለፋሲካ ሊጠይቋቸው ሊመጡ ነው። ምን ይዘን እንምጣ አሉኝ። ካባ ሁለት አላቸው። አንድ ሙሉ ከሰዓት ይዛችሁ ኑ አልኳቸው፤ ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ፤ ከተቻለ ደግሞ ያንን የሾፌር ልጅ ፈልጋችሁ አምጡት።